ተቃዋሚ ያስወለደው ሕግ

የዘመናችን ክርክር እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ብሎክ ያደርጋል። ከ360 ዓመት በፊት የተነሳ አንድ ሙግት ግን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ደብተራቸው ላይ የሚጽፉትን ሕግ ትቶልን አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1660 እንግሊዝ የሚኖረው ሮበርት ቦይል ስለ አየር መጽሐፍ አሳተመ። አየር እንደ ሞላ ነው፤ ሲጫኑት ይጠባል፣ ሲለቁት ይሰፋል አለ። ከላይ በተደፈነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪን 29 ኢንች (74 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከፍ አድርጎ የሚያቆመውም የውጭው አየር ግፊት ነው አለ።

ፍራንሲስ ላይን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ይህ አልተዋጠለትም። አየር ሞላነት እንዳለው አልካደም። ነገር ግን ያን ያህል ሜርኩሪ የመሸከም አቅም የለውም፤ ከላይ አንጠልጥሎ የያዘው የማይታይ ክር ነው ሲል ተከራከረ።

ክሩ ዛሬ ያስቀን ይሆናል። ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን የሚናቅ አልነበረም፦ የአየር አቅም ስንት ነው?

ቦይል በ1662 የመለሰው በልኬት ነው። ተገልብጦ እንደቆመ ከዘራ የታጠፈ ረጅም ቱቦ አሠራ። አጭሩን ጫፍ ደፍኖ አየር አስቀረበት፤ በረጅሙ በኩል ሜርኩሪ ጨመረ። በሁለቱ በኩል ያለው የሜርኩሪ ልዩነት 29 ኢንች ሲደርስ የታፈነው አየር ግማሽ ሆነ። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አየሩ ክር ሳያስፈልገው ላይን ከገመተው በላይ ተሸከመ። ቦይል ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ አወጣ፤ የግፊትና የይዘት ዝምድና ግምት የሪቻርድ ታውንሊ መሆኑንም አልደበቀም።

ሕጉ የሚሠራው ግን ሙቀቱ ካልተለወጠ ነው። የሙቀቱን ጉዳይ ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል በ1780ዎቹ ቢሞክረውም አላሳተመውም። በ1802 ጌይ ሉሳክ የራሱን ውጤት ሲያወጣ የሻርልን ስም አነሳ፤ ዛሬ ሕጉ በሻርል ስም ይጠራል። በ1834 ክላፔሮን ግፊትን፣ ይዘትንና ሙቀትን በአንድ ቀመር አገናኛቸው።

ላይን በመልሱ ተሳስቷል። ጥያቄው ግን ቦይልን ወደ መለኪያው መለሰው። ቦይል ተቃዋሚውን በስድብ አልፎት ቢሆን ኖሮ ያን ከዘራ መሰል ቱቦ ለማሠራት ምን ምክንያት ይኖረው ነበር? እኛስ ከተሳሳተ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ሲመጣ የምናነሳው ድንጋይ ነው ወይስ መለኪያ?