ከዕዳ የሚያወጣን ማን ነው?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በመገናኛ ሱቅ ያላችሁም ሆናችሁ ደመወዝተኞች፣ ዕዳ ሲከብደን «እኔ አወጣሃለሁ» የሚለውን ሁሉ ማመን ይቀናናል። ታሪክ ግን ቆም ብለን እንድንጠይቅ ያስተምረናል።

በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ለእህልና ለንጉሥ ግብር ሲል እርሻውንና ቤቱን አስያዘ፤ ልጆቹንም ለባርነት ሰጠ። አበዳሪዎቹ የገዛ ወንድሞቹ ነበሩ። ነህምያ በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው፤ እርሻውንም ወለዱንም እንዲመልሱ በካህናት ፊት አስማላቸው (ነህምያ 5)።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት መንገድ ከፈተ፤ ፈቃድ ሰጪውም ብሔራዊ ባንክ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣን በአንቀጽ 712 ያስቀጣል።

አራጣ ግን አልጠፋም፤ ተሸሸገ እንጂ። ወለዱን ከዋናው ብድር ጋር ደምሮ ያስፈርማል፤ ባዶ ቼክ ይቀበላል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ፈቃድ አለው ወይ? የዓመቱ ወለድ ስንት ነው? ብዘገይስ ምን ያስከፍለኛል? የውሉን ቅጂ ይሰጠኛል? መልሱን የሚሸሽ ሰው ረዳት አይደለም።

ነህምያ የተበደሉትን ጩኸት ሰማ እንጂ «ለምን ተበደራችሁ?» ብሎ አላሳፈራቸውም። እኛም በዕዳ የተያዘ ወገን በድብቅ ወደ አራጣ ሳይሮጥ ወደ እኛ የሚመጣበትን በር እንክፈት። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።