የተቆጠረች ጽጌረዳ

ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ የመጣች ዘመዳችን ለአክስቴ ስጦታ ይዛ ነበር። ወንፊት የሚመስል ነጭ ፕላስቲክ፣ የሱፍ ክር፣ ጫፉ የደነዘ መርፌና የአበባ ንድፍ ያለበት ባለ ካሬ ወረቀት። አክስቴ በወጣትነታቸው የአልጋና የትራስ ልብስ በአበባ ጥልፍ ሲያስጌጡ የኖሩ ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። ፕላስቲኩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «እኔስ ከእንግዲህ አልችለውም፤ አንተ ሞክረው» አሉኝ። ብዕር እንጂ መርፌ ጨብጬ የማላውቀው ሰው በዚህ ዕድሜዬ ጠላፊ ሆንኩ። ጠላፊ ስል የአውሮፕላን እንዳይመስላችሁ!

አክስቴን ስለ ድሮ ጥልፋቸው ባመሰገንኳቸው ቁጥር፣ «ከወረቀት ገልብጬ እኮ ነው» ይላሉ፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው። ይህች «ገልብጬ» የምትል ቃል ናት የወረቀቱን ታሪክ እንድፈልግ ያደረገችኝ። (ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው በርሊን ላይ ነው። በ1804 ገደማ ፊሊፕሰን የተባለ የሥዕል ኅትመት ነጋዴ በካሬ በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ባለ ቀለም የጥልፍ ንድፍ አሳተመ። አንድ ካሬ አንድ ስፌት ነው። በ1810 ደግሞ ዊቲሽ የተባለ ሌላ ነጋዴ ሚስት፣ ራሳቸው የተዋጣላቸው ባለ መርፌ ነበሩና፣ ባላቸውን ወትውተው ተከታታይ ንድፎች እንዲያወጣ አደረጉ። በ1842 ለንደን ላይ የታተመው የሚስ ላምበርት የመርፌ ሥራ መጽሐፍ እኚህን ሴት የሚጠራቸው «ማዳም ዊቲሽ» ብሎ ነው። የራሳቸው ስም የለም፤ ያለው የባላቸው ነው።

ወረቀቶቹ አንድ በአንድ በእጅ ይቀቡ ነበር። በ1831 ዊልክስ የተባለ የለንደን ነጋዴ ንድፉንም የሱፍ ክሩንም ከበርሊን በብዛት ማስመጣት ሲጀምር ሥራው እንግሊዝን አጥለቀለቀ፤ አሜሪካም ተሻገረ። ሥዕል መንደፍ የማትችል ሴት መቁጠር እስከቻለች ድረስ ጽጌረዳ ታበቅል ጀመር። በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ለወባ መድኃኒት የሚሆን ኪኒን ሊሠራ ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሌሎች ሰው ሠራሽ ቀለሞችም ተከተሉ። የክር አበባ ከጓሮ አበባ ይልቅ ደመቀ።

ነቀፌታው ብዙም አልዘገየም። በ1872 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የጥልፍ ትምህርት ቤት ጥንታዊውን የመርፌ ጥበብ ለማደስ ተነሣ። ዊሊያም ሞሪስም ከፋብሪካ ቀለም ይልቅ ከዕፅዋት የሚገኘውን መረጠ። የእርሱ ልጅ ሜይ ሞሪስ በ1885፣ በ23 ዓመቷ፣ የድርጅቱን የጥልፍ ክፍል ተረከበች። በእነዚህ ሰዎች ዓይን ካሬ መቁጠር ጥበብ አልነበረም።

እውነት አላቸው? በከፊል። አንዲት ጽጌረዳ በብዙ ሺህ ቤት ስትደገም ትሰለቻለች። ነገር ግን እኛ አገር ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ በመገልበጡ አያፍርም፤ እንዲያውም የሚከበረው ሳይስት በመገልበጡ ነው። ታዲያ ብራና ላይ ክብር የሆነው ነገር ጨርቅ ላይ ስለ ምን ኀፍረት ይሆናል? እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው በሥራው ላይ ሳይሆን ሥራውን ማን ሠራው በሚለው ላይ ነው።

ወደ ፕላስቲኩ ልመለስ። ይህ ነገር በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ የበርሊን ልጅ ነው። የጨርቁ መረብ በሰያፍ ሲሰፋ ይጣመማል፤ ሲቆረጥም ይተረተራል። ፕላስቲኩ ሁለቱንም አያውቅም፤ ለጀማሪ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የተለመደው ዓይነት በ2.5 ሳንቲሜትር ገደማ 7 ቀዳዳ ሲኖረው፣ አንዱ ገበታ 70 በ90 ነው፤ 6,300 ቀዳዳ መሆኑ ነው!

አክስቴ ሥርዓቱን አስተማሩኝ። ክሩ አይቋጠርም፤ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ጭራ ከጀርባ ይቀርና በሚከተሉት ስፌቶች ይሸፈናል። ከመሐል ተጀምሮ አበባው ይቀድማል፣ መደቡ ይከተላል። ስፌቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደማል። ክሩ ከተወጠረ ፕላስቲኩ ይታያል፤ ከላላ አበባው ያብጣል።

በሦስተኛው ቀን ቅጠል ጨርሼ በኩራት ሰጠኋቸው። አላዩትም፤ በጣታቸው ዳሰሱት። «እዚህ ጋ አንድ ቀዳዳ ዘለሃል» አሉ። ቆጠርኩ፤ እውነታቸውን ነው። ለዓይን የረቀቀው ጨርቅ የከለከላቸውን ይህ ሸካራ ፕላስቲክ ለጣታቸው መለሰላቸው።

ፈትቼ አዲስ ክር ሰክቼ ሰጠኋቸው፤ መርፌውን ከዚያ ወዲህ አልመለሱልኝም። አሁን እኔ ከወረቀቱ እያነበብኩ «አራት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ» እላለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ይወጋሉ። ሲያልቅ ስማቸውን ከግርጌው እንዲጠልፉ ጠየቅኳቸው። «ከወረቀት ለተገለበጠ!» ብለው ሳቁ።

ግን እምቢ አላሉም። ስማቸው ስንት ካሬ እንደሚፈጅ እየቆጠርኩ ነው።