«ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» የአንድ ጥያቄ ታሪክ በሆሳዕና

«እግዚአብሔር ሁሉን ከፈጠረ፣ እርሱን ማን ፈጠረው?» ይህ ጥያቄ በሆሳዕና ከተማ አደባባይ መነገር የጀመረው በደርግ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሕፃን ልጅ እናቱን ጠይቆ «ዝም በል!» ይባል ይሆናል። ከ1967 ወዲህ ግን ጠያቂው ሕፃኑ ሳይሆን መንግሥት ሆነ፤ ዝም በል የሚባለውም መላሹ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የቃለ ሕይወት ጉባኤ ሽማግሌ ነበር። በሳምንቱ መካከል የውይይት ክበብ ገብቼ አምላክ የለም ሲባል እሰማለሁ፤ እሑድ ደግሞ አባቴ ሲጸልይ አጠገቡ ነኝ። ኋላ ዕድሜዬን የታሪክ መምህር ሆኜ ስለጨረስኩ፣ የአገራችንን ገዢዎችና ጦርነቶች ብቻ ሳይሆን የዚህን ጥያቄ ታሪክም መዝግቦ ማቆየት ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞዎቹ ሰዎች አምላክ አለ ወይስ የለም ብለው አልተከራከሩም። ፋንዳኖ የተባለው የሐዲያ ነባር እምነት ተከታዮች ዋአን፣ ከምባቶች ማገኖን በሰማይ ያለ የበላይ አድርገው ይጠሩ ነበር። ፋንዳኖ ከድሮው የሐዲያ ሱልጣኔት እስልምና የተረፈ ጾምና ሥርዓት ተቀላቅሎበት ነበር፤ ያም ቢሆን ከሰማይ በላይ ያለውን ማንም አልካደም። በ1920 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሆሳዕና ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ሚሲዮናውያኑም ቢሆኑ «አምላክ አለ» ብለው ለማስረዳት አልደከሙም። ሰዉ የሚጠይቀው ሌላ ነበር፦ ይሰማናል ወይ? ከቃልቻው ይበረታል ወይ? ልጄ ሲታመም ወደ ማን ልሂድ? ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ካባረረ በኋላ ጉባኤዎቹ ያለ ፈረንጅ በዙ፤ ያበዛቸውም የአመክንዮ ሙግት አልነበረም። ሰው ጎረቤቱ ሲለወጥ አይቶ ተከተለ። ይህን የምለው በኋላ የመጣው ክርክር ባዶ መሬት ላይ እንዳልወደቀ ለማሳየት ነው። የእኛ ሰው እምነት ከመጀመሪያውም በማስረጃ ላይ አልቆመም ነበር።

መጠራጠር ከውጭ የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ያንብቡ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1667 እንፍራዝ ላይ እንደ ተጻፈ ስለ ራሱ ይናገራል። ጸሐፊው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ሁከት ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ እንደ ተቀመጠ፣ እዚያም እየጸለየ ሳለ የሚሰማኝ አለን ብሎ እንደ ተጠራጠረ ይተርካል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ እኔን ወላጆቼ ወለዱኝ፣ እነርሱንም ወላጆቻቸው ወለዷቸው፤ ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ብሎ ይደመድማል። መጽሐፉን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ የላከው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ አዲስ አበባ የኖረው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግቶለታል፤ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ለእኔ ጉዳይ ግን ደራሲው ማንም ይሁን፣ በግዕዝ የተጻፈ መጽሐፍ ጥርጣሬን አስቀድሞ መልሱን አስከትሏል። የሚያሳዝነኝ እኛ የሆሳዕና ተማሪዎች የማርክስን ስም ከዘርዓ ያዕቆብ ስም አስቀድመን መስማታችን ነው።

በውይይት ክበቡ አምላክ የለም የሚሉን የደርግ ካድሬዎች ለምን ተሰሙ? በየካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው መልሱ። በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ለባለ መሬት ሲገብርና ሲሠራ የኖረ ጭሰኛ በአንድ ቀን ባለ ይዞታ ሆነ። «ደሃና ሀብታም ያደረገን እግዚአብሔር ነው» ሲባል ያደገ ሰው፣ ያ ሥርዓት በአዋጅ ሲፈርስ ዓይኑ አየ። ካድሬውም ተነሥቶ «የእግዚአብሔር ሥራ ያላችሁት የባላባት ሥራ ነበር፤ እንግዲህ ሌላውንም እንመርምር» አለ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ቀላል አድርጎ የሚናገር ሰው ያን ዘመን አያውቀውም። የድሮው ባለ መሬት የአምላክን ስም ለግብር መሰብሰቢያ ባይጠራ ኖሮ ካድሬው ግማሽ ጉልበቱን ባጣ ነበር።

ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት የሚባለው ትምህርት በክበቡ እንደ ቅዳሴ ይደገም ነበር። ቁስ አካል ቀዳሚ ነው፣ ኅሊና ተከታይ ነው፤ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው። አብዛኞቹ ካድሬዎች ከዚህ አያልፉም። ከመካከላቸው ግን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ፣ አስተዋይ ወጣት ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ነው የሚከራከረው። አንድ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ሁላችንም የምናውቀውን ሙግት አመጡ። «ልጄ፣ ይህ ጎጆ ሠሪ አለው። ምሰሶውን ያቆመ፣ ማገሩን የማገረ፣ ሣሩን የከደነ አለ። ሰማይና ምድር ብቻ ያለ ሠሪ ቆሙ?» አሉት።

ወጣቱ አልተቆጣም። «አባባ፣ ጎጆ ሲሠራ ሁላችን አይተናል፤ ጎጆ ባየን ጊዜ ሠሪውን የምናስበው ስለዚህ ነው። ዓለም ሲሠራ ግን ማን አየ? ደግሞስ ጎጆ በአንድ ሰው ተሠርቶ ያውቃል? በደቦ ነው የሚሠራው። እንደ እርስዎ ምሳሌ ከሆነ ዓለምን የሠሩት ብዙ አማልክት መሆናቸው ነው» አለ። ሰዉ ተያየ። ይህን መልስ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1779 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሂዩምም ቤትን ብዙ ሰው ተባብሮ ይሠራዋል፣ ዓለምንስ ብዙ አማልክት ተባብረው ያልሠሯት ስለምን ነው ብሎ ነበር። ወጣቱ ሂዩምን ማንበቡን እጠራጠራለሁ፤ ደቦን ግን ያውቃል። ጥሩ ጥርጣሬ ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይመጣ ያኔ ተረድቻለሁ።

አዛውንቱ ግን አልተቀመጡም። «እሺ ልጄ፣ ቁስ አካሉን ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ። «ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው፤ መነሻም ሠሪም የለውም» አለ። «እንግዲህ አንተም ሠሪ የሌለው ነገር አለ አልክ። እኛ ያልነው ሌላ ምንድን ነው?» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ሞላ። ለብዙ ጊዜ ይህ መልስ በየቤቱ የድል ወሬ ሆኖ ተወራ፤ ዛሬም የሚያወሩት አሉ።

እኔ ድል አልለውም። አዛውንቱ ያስገኙት እኩል መውጣትን ነው። ሁለቱም ወገኖች ወደ ኋላ ሲቆጥሩ አንድ ቦታ ይቆማሉ፤ አንዱ እግዚአብሔር ዘንድ፣ አንዱ ቁስ አካል ዘንድ። የትኛው መቆሚያ ይሻላል የሚለውን ግን «ሁሉ ነገር ሠሪ አለው» የሚለው ሙግት ራሱ ሊፈርደው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ራዲዮ ፈላስፋው በርትራንድ ረስልና ኢየሱሳዊው ፍሬድሪክ ኮፕልስተን የተሟገቱት በዚሁ ላይ ነው፤ ረስል ዓለም እንዲሁ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም አለ፤ ኮፕልስተን ደግሞ ስለ ዓለም በሞላው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው አለ። ከእነርሱ በፊት ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1781 የምክንያትና የውጤት ሕግ ከምናየው ዓለም ውጭ መሥራቱን ማን አረጋገጠልን ብሎ ነበር። የሆሳዕናው አዛውንትና ካድሬው ታላላቆቹ ፈላስፎች የቆሙበት ድረስ ደርሰዋል ማለት ነው።

አማኞቹን ያስጨነቀው ይህ ሁሉ አልነበረም። የሚያስጨንቀው ጥንት የነበረው «ይሰማናል ወይ?» የሚለው ነው። ካድሬዎች ሕፃናትን «እግዚአብሔርን ከረሜላ ለምኑ» ብለው፣ ሳይመጣ ሲቀር «አሁን አብዮቱን ለምኑ» በማለት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ የሚል ወሬ በብዙ ቦታ ይተረካል። የልጅ ማታለያ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥያቄ ግን የአዋቂ ነው። በ1977 እና በ1978 ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ቤተሰብ ለሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተጫነ። በእንሰት ማሳ፣ በደጋ አየር የኖረ ሰው ቆላ ወርዶ ወባ ጠበቀው። እዚያ ልጇን የቀበረች እናት የመጀመሪያው ምክንያት ምንድን ነው ብላ አትጠይቅም። ለምን ዝም አልክ ትላለች። ይህን ጥያቄ በሙግት የመለሰ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ መልስ አለኝ የሚል ሰው ካለም አስቀድሞ ከእርሷ ጋር ይቀመጥ። እነዚያ ሰዎች ግን በሰፈራው መንደር ለጸሎት ተሰበሰቡ፣ ጉባኤም ተከሉ። መከራቸው እምነታቸውን ያፈርሳል ብሎ የጠበቀው ትምህርት ይህን ሊያስረዳ አልቻለም። የእነርሱ መጽናትም ቢሆን ስለ ሰዎቹ ብርታት ይመሰክራል እንጂ ሙግቱን አይዘጋም።

ክርክሩ ያልተፈጸመው በቁልፍ ስለተቋረጠ ነው። በአውራጃው የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዶቹ የቀበሌ መሰብሰቢያ፣ አንዳንዶቹ መጋዘን ሆኑ። «መጤ ሃይማኖት» እና «የኢምፔሪያሊዝም ወኪል» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ሽማግሌዎች ታሰሩ። አዲስ አበባ ላይ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ታፍነው ተገደሉ። ጉባኤው ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ እንሰት ጓሮ ተበተነ፤ መዝሙሩ ሹክሹክታ ሆነ። ያ ደቦን ጠቅሶ የተከራከረ ወጣት በሐሳቡ ብቻ ቢቆም ኖሮ ከእኛ መካከል ብዙዎቹን ያሳምን ነበር ብዬ አስባለሁ። ከጀርባው እስር ቤት ሲቆም ግን የተናገረው እውነት እንኳ እንደ ማስፈራሪያ ተሰማ። ደርግ ሃይማኖትን ብቻ አልበደለም፤ ጥርጣሬንም በድሏል። በሐቀኝነት መጠራጠር የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ የካድሬ ስም ሳይሰጠው አፉን መክፈት አልቻለም።

ያው መንግሥት በ1971 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ኋላ ላይ ሐዲይኛና ከምባትኛን ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ መካከል ጨመረ። በመማሪያው ውስጥ ስለ ማኅበርና ስለ አብዮት ያነበቡ እናቶች ያንኑ ፊደል ይዘው መጽሐፍ ቅዱስ ገለጡ። እናቴ አንዷ ናት። ለዚህ ትምህርት ያለኝን ምስጋና ለመናገር አላፍርም።

በ1983 ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ከሐዲያና ከከምባታ ጠምባሮ ዞኖች ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት መሆኑ ተመዘገበ። ሰዉ ጥያቄውም ከደርግ ጋር እንደ ወደቀ ቆጠረው። አልወደቀም። ከ2012 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመቱ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራል፤ የከተማችን የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንዲሁ። እዚያ «እንደሌለ ማንም ስላላረጋገጠ አለ» የሚለው አነጋገር ስሕተት መሆኑን፣ «እንዳለ ማንም ስላላረጋገጠ የለም» የሚለውም እኩል ስሕተት መሆኑን ይረዳል። ከዚያ ወደ ሰፈሩ መጥቶ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው «የጥርጣሬ መንፈስ ይዞሃል» የሚል ፍርድ ነው። ያ ፍርድ በሌላ ቋንቋ የተነገረ «መጤ» ነው።

አማኝ ነኝ፤ የጎጆው ሙግት ግን አላሳመነኝም፤ ያሳምናል ብዬም ለተማሪዎቼ አስተምሬ አላውቅም። እምነት ያለው ሰው ደካማ ሙግት ይዞ ከሚቆም ደካማነቱን ራሱ ቢናገር ይከበራል ባይ ነኝ። የሆሳዕናና የዱራሜ ጉባኤዎች ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ ለጸሎት እጅ ከመጫናችሁ በፊት አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ «ይህን አላውቅም» ማለትንም አትፍሩ። ያን ዘመን ያያችሁ ሁሉ፣ የውይይት ክበብ ማስታወሻ ደብተር በሣጥናችሁ ያለ የቀድሞ ካድሬዎችም፣ በጓሮ የተሰበሰበውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ የደበቃችሁ ሽማግሌዎችም፣ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። የዚያ ክርክር ሰዎች እያረጁ ነው፤ ሁለቱም ወገን የተናገረው አብሮ ሊቀመጥ ይገባል።