የግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች መጠን፣ አገልግሎቶችና ማወቅ የሚገባ መረጃ

የመዝናኛ መርከብ (ክሩዝ) ማረፊያ፣ ምግብና መዝናኛ በአንድነት የሚቀርብበት፣ ጉዞው ራሱ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ የሆነበት የመንገደኞች መርከብ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በእነዚህ መርከቦች ለመጓዝ ወይም ተቀጥረው ለመሥራት ለሚያስቡ ዜጎች ነው።

መጠን

የመርከብ ትልቅነት የሚገለጽበት ዋናው ልኬት ግሮስ ቶኔጅ ይባላል። ስያሜው ክብደትን የሚያመለክት ቢመስልም፣ የሚለካው የመርከቡ ዝግ ክፍሎች ጠቅላላ ይዘት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ መርከብ “አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ” ከ248,000 በላይ ግሮስ ቶኔጅ፣ 365 ሜትር ገደማ ርዝመትና 20 ወለሎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመው ታይታኒክ ርዝመቱ 269 ሜትር፣ ይዘቱም በዘመኑ ልኬት 46,000 ገደማ ነበር። አዲሱ መርከብ እስከ 7,600 መንገደኞችንና 2,350 ያህል ሠራተኞችን ይይዛል።

አገልግሎቶች

በመርከቡ ላይ 7 የመዋኛ ገንዳዎች፣ 6 የውኃ መንሸራተቻዎች፣ የበረዶ ላይ ትርኢት አዳራሽ፣ ሕያው ዕፅዋት የተተከሉበት መናፈሻ እንዲሁም በርካታ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። የዚህ ዓይነት መርከቦች የኤሌክትሪክ ኃይላቸውን ራሳቸው ያመነጫሉ፤ ከባሕር ውኃም ጨው አልባ ውኃ ያዘጋጃሉ። የጉዞ ዋጋ በአብዛኛው መኝታን፣ መደበኛ ምግብንና ትርኢቶችን ያካትታል። የአልኮል መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ልዩ ምግብ ቤቶች፣ ሕክምናና የወደብ ላይ ጉብኝት ግን ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስለሆነም ተጓዦች ከመክፈላቸው በፊት ውሉን በጥንቃቄ ሊያነቡ ይገባል።

ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣሊያን ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከአደጋው በኋላ የዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ተሻሽሎ፣ አዲስ የተሳፈሩ መንገደኞች መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንዲያደርጉ ተደንግጓል። መርከቡ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ እያንዳንዱ መንገደኛ የተመደበበትን የመሰብሰቢያ ቦታና ወደዚያ የሚያደርሰውን ደረጃ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በመርከብ ላይ ስለ መቀጠር

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የባሕር ሥራ ስምምነት አስተናጋጆችን፣ ምግብ አብሳዮችንና የጽዳት ሠራተኞችንም እንደ ባሕርተኛ ይቆጥራል። በስምምነቱ መሠረት፦

• ሥራ ፈላጊው ከጤና ምስክር ወረቀት፣ ከባሕርተኛ መታወቂያ ደብተርና ከፓስፖርት ወጪ በቀር ለምልመላ ወይም ለቅጥር ክፍያ አይጠየቅም።
• የቪዛን ወጪ የሚሸፍነው የመርከቡ ባለቤት ነው።
• ሠራተኛው ውሉን ከመፈረሙ በፊት መርምሮ የመረዳት ዕድል ሊሰጠው፣ ከፈረመም በኋላ ቅጂው በእጁ ሊደርስ ይገባል።

ስለዚህ በመርከብ ላይ ሥራ አስቀጥራለሁ በሚል የቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ወይም ኤጀንሲ ሲያጋጥም፣ ክፍያ አለመፈጸምና ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።