ሲሞን ቬይ፦ ቁጥር 78651

ፈረንሳዊቷ ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1944 ናዚዎች ኦሽዊትዝ ሲያስገቧቸው ገና 16 ዓመታቸው ነበር። አንድ እስረኛ «18 ነኝ በይ» ብሎ ሹክ አላቸው፤ ያቺ ውሸት ከጋዝ ክፍሉ አተረፈቻቸው። ክንዳቸው ላይ 78651 ተነቀሰ። እናታቸው በርገን ቤልሰን ካምፕ በተስቦ ሞቱ፤ አባታቸውና ወንድማቸው እንደወጡ ቀሩ።

ከነፃነት በኋላ ያዩትን ሊናገሩ ቢሉ የሚሰማ ጠፋ (ይሄ ነው የሚያንገበግበው!)። ሕግ ተምረው ፍትህ ሚኒስቴር ገቡ፤ ሥራቸው የእስር ቤቶችን አያያዝ ማሻሻል ነበር። በ1974 የጤና ሚኒስትር፣ በ1979 በሕዝብ ቀጥታ ምርጫ የተቋቋመው የአውሮፓ ፓርላማ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2005 ኦሽዊትዝ ላይ ቆመው ምስክርነታቸውን ሰጡ።

ቁጥሩን አላስጠፉትም። በ2010 የፈረንሳይ አካዳሚን ሲቀላቀሉ በተሰጣቸው ሰይፍ ላይም ተቀርጿል። ያረፉት በ2017 ነው።