ሻይ እንጠጣ

ባለፈው ዓመት፣ በአንድ እሑድ ጧት፣ የባንካችን ደንበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት አስመጪ ቦሌ አካባቢ ወዳለ የቻይና ምግብ ቤት ጋበዙኝ። እኒህ ሰው ከጓንዡ ከተማ ዕቃ ሲያስመጡ ብዙ ዓመታት አስቈጥረዋል፤ እኔም የከተማይቱን ስም በኤልሲ ሰነዶቻቸው ላይ ሳነብ፣ ማኅተም ሳሳርፍበትና ከመዝገብ ሳገባው ኖሬ በዐይኔ አላየኋትም። በስልክ ያሉኝ «ና፣ ሻይ እንጠጣ» ብቻ ነበር። ስደርስ ግን የጠበቀኝ ሻይ ብቻ አልነበረም፤ ጠረጴዛውን የሞላ፣ እንፋሎቱ የሚትጐለጐል፣ ከቀርከሃ የተሠራ የሙዳይ ክምር ነበር እንጂ። አስተናጋጇ ስትቀዳላቸው ጋሼ ወጋቸውን ሳያቋርጡ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አጠፍ አድርገው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «እጅ መንሣቴ ነዋ!» አሉኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያን ሁለት ጣቶች ተከትዬ ያነበብሁትንና ያሰላሰልሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። ዓመታቱን ለይቼ በእኛ ካልጠቀስሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ይወሰዱልኝ።

በመጀመሪያ ስሙ። «ዲም ሰም» በካንቶን ሰዎች አነጋገር የሚነበቡ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ የፊተኛው ነጥብ ወይም መንካት፣ የኋለኛው ልብ ማለት ነው። ቃል በቃል ቢፈታ «ልብን ነካ ማድረግ» ይሆናል። ቃሉ ከታንግ ሥርወ መንግሥት (618–907) ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን በጥንቱ አገባቡ ዋናው ማዕድ እስኪደርስ ረኃብን የምታስታግስ ጥቂት ነገር መቅመስን ያመለክት ነበር፤ እኛ መክሰስ የምንለው ዐይነት። የካንቶን ሰው ግን ወዳጁን ሲጠራ «ዲም ሰም እንብላ» ብሎ አይጠራም፤ «ያም ቻ» ይላል፤ ሻይ እንጠጣ። ሃያ ዐይነት ምግብ ቢቀርብም የግብዣው ባለቤት ሻዩ ነው። «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ በአጥር በኩል የምትጣራ ጎረቤት ያሳደገችው ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ካንቶን የዛሬዋ ጓንዡ ናት። በ1757 የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ምዕራባውያን በባሕር የሚያካሂዱት ንግድ በዚያች ወደብ ብቻ እንዲወሰን አዘዙ። ትእዛዙ ከመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በኋላ በ1842 በተፈረመው የናንጂንግ ውል እስኪሻር ድረስ ሰማንያ አምስት ዓመት ያህል ወደ አውሮፓ የሚሻገረው ሻይ፣ ሐርና ሸክላ በካንቶን በኩል ያልፍ ነበር። ሻዩ ለባዕድ ይጫናል፤ የሚጭነው ደግሞ ተሸካሚውና ቀዛፊው ነው። ይህ ተሸካሚ የሚያርፍበት፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበረው ሻይ ቤት «ሁለት ሊ ቤት» ይባል ነበር። ሊ የብር መመዘኛቸው እጅግ አነስተኛ ክፋይ ነበረች፤ ስሙ በቀጥታ ዋጋው ነበር ማለት ነው። (የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ዋጋውን በስሙ የሚናገር ቤት ደስ ያሰኘኛል።) ወንበሩ ሻካራ፣ ሻዩ ርካሽ፣ የሚቀርበውም የሩዝ ቂጣና ሆድ የሚይዝ ተራ ነገር ነበር። ቀጥሎ የነጋዴው ደረጃ ከፍ ሲል ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ሻይ ቤቶች ተሠሩ፤ ታኦ ታኦ ጁ የተባለው በ1880፣ ሊን ሁንግ ደግሞ በ1889 ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ ገንዘብ ያለው ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ የሌለው ምድር ላይ ቁጢጥ ይላል የሚል አነጋገር በሕዝቡ አፍ ገባ። የማዕዱም ሥርዐት በአጭር ቃል ተቈረጠ፤ አንድ ስኒ፣ ሁለት ፍሬ። አንድ ስኒ ሻይ ከሁለት ቁራሽ ምግብ ጋር ማለት ነው።

ምግቡ ምንድር ነው? ከስንዴ ስታርች በተሠራ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ልባስ የተጠቀለለ ሽሪምፕ አለ፤ ይህኛው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መካከል ከጓንዡ ወንዝ ዳር ካለች መንደር፣ ትኩስ ሽሪምፕ ከጀልባ ከሚወርድበት ስፍራ እንደ ወጣ ይነገራል። አናቱ የተከፈተ፣ በሥጋ የተሞላ ሲው ማይ አለ። በሎተስ ቅጠል ተሸፍኖ የተቀቀለ የሩዝ ጥቅል አለ። የተጠበሰ የዐሣማ ሥጋ በሆዱ የያዘ ነጭ የእንፋሎት ዳቦም አለ፤ ጋሼ ይህን አላዘዙም፤ አስተናጋጇም ዐይታን ታውቃለችና አልጠየቀችም። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቍጥሩ ነው። በአንድ ሙዳይ ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ነው። ብቻውን የመጣ ሰው ሁለት ሙዳይ እንደ ጨረሰ ይጠግባል፤ የቀመሰውም ሁለት ዐይነት ብቻ ነው። ስምንት ሆነው የመጡ ግን ከዐሥራ አምስትና ከሃያ ዐይነት ይቀምሳሉ። ገበታው ለብቸኛ ሰው አልተቈረጠም። ማንም «አብራችሁ ብሉ» ብሎ ሳይሰብክ፣ የሙዳዩ መጠን ራሱ ሰውን ይሰበስባል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጣቶች ልመለስ። ቺየንሎንግ ተራ ሰው መስለው ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከሻይ ቤት ገብተው ለአሽከሮቻቸው በእጃቸው ሻይ ቀዱላቸው ይባላል። ንጉሥ የቀዳለት አሽከር ግንባሩን ከመሬት አስነክቶ መስገድ ይገባዋል፤ ከሰገደ ግን ምስጢሩ ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ብልኅ ጣቶቹን እንደ ጕልበት አጥፎ በጠረጴዛው ላይ አሰገዳቸው። ታሪክ ሲመረመር ነገሩ ይላላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1751 እስከ 1784 ድረስ ስድስት ጊዜ ወደ ደቡብ መውረዳቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጓዙት በያንግዜ ወንዝ ታችኛው ክፍል ወዳሉት አውራጃዎች እስከ ሃንግዡ ነው እንጂ ካንቶን አልደረሱም። ልማዱ የሚዘወተረው ደግሞ በካንቶን ነው። አፈ ታሪኩን ግን መጣል አልቻልሁም። ወግ ሳይቋረጥ፣ ቃል ሳይወጣ፣ የቀዳህን ሰው አይቼሃለሁ የሚል ምልክት ያስፈልግ ነበርና ሕዝቡ ንጉሥ አበጀለት።

ከ1842 በኋላ የካንቶን ሰው ሻይ ቤቱን ይዞ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ። ሊን ሁንግ በ1926 በዚያ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ1933 ደግሞ ሉክ ዩ ተከተለ፤ ይህኛው ስሙን የወሰደው በስምንተኛው መቶ ዓመት ስለ ሻይ መጽሐፍ ከጻፈው ከታንግ ዘመኑ ሉ ዩ ነው። ሻይ ቤት በሆንግ ኮንግ ምን ያህል ቤት እንደ ሆነ ለማወቅ ግን የ1953ቱን የገና ሌሊት ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ሌሊት ከዋናው ቻይና ተሰደው የመጡ ሰዎች የሠሩት የሼክ ኪፕ ሜይ የጎጆ ሰፈር ተቃጠለ፤ ከሃምሳ ሺሕ የሚበልጥ ሰው ቤት አልባ ሆነ። መንግሥት ለተቃጠለባቸው የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሕንጻዎች ለአንድ ቤተሰብ የሰጡት ክፍል ዐሥራ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነበር። በዐሥራ አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ አምስት ሰው ይተኛል፤ እንግዳ ግን አይቀመጥም። እንግዳ መቀበያው፣ ጋዜጣ ማንበቢያው፣ የልጅ ጋብቻ መምከሪያው ሻይ ቤቱ ሆነ። ሽማግሎች የወፍ ጎጆአቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በማለዳ ይመጡና ወፉን ከራሳቸው በላይ ሰቅለው ሻያቸውን ያዝዙ ነበር። ቦታ ሲጠብ «ዳፕ ቶይ» የሚሉት አለ፤ የማያውቁት ሰው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ መጋራት። ፈቃድ ለመጠየቅ ዐይን መግጠም ይበቃል። ምግቡ ለየራስ ነው፤ ጠረጴዛው ግን የጋራ ነው።

ሒሳቡስ? ጥንት አስተናጋጁ ባዶ ሳሕኑንና ሙዳዩን በዐይኑ ቈጥሮ ይደምር ነበር፤ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ያለችውን ካርድ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ልክ ማኅተም ያሳርፍባት ጀመር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጠብ አንባቢ ይገምታል። «እኔ ልክፈል»፣ «የለም፣ እኔ!» የካንቶን ሰው ለመክፈል ሲታገል ያየ ሐበሻ ያገሩን ሰው ያገኘ ይመስለዋል።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1882 የቻይና ሠራተኞችን መግባት በሕግ ከልክሎ፣ ክልከላውን በ1943 እስኪያነሣ ድረስ የኒው ዮርክ የቻይናውያን ሰፈር አብዛኛው ነዋሪ ሚስቱን ማምጣት ያልቻለ ወንድ ነበር። በዶየርስ ጎዳና ኖም ዋህ የተባለው ሻይ ቤት የተከፈተው በዚያው በክልከላው ዘመን፣ በ1920 ነው። ቤተሰብ የሌለው ሰው እሑድ ከማን ጋር ይበላል? ከጠረጴዛው ጋር።

እስካሁን የተናገርሁት የመቀራረብን ታሪክ ነው። መቀራረብ የሚያስፈራበትም ታሪክ አለ፤ እኔም ብዕሬን ያነሣሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ዎ ሊየንተህ የተባሉ፣ በፔናንግ ተወልደው በካምብሪጅ የተማሩ ሐኪም ነበሩ። በ1910 ክረምት በማንቹሪያ የሳምባ ወረርሽኝ ሲነሣና ስድሳ ሺሕ ያህል ሕዝብ ሲፈጅ፣ በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል ብለው በጨርቅ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስለበሱት እርሳቸው ናቸው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ዐይናቸው ወደ ገበታው ዞረ። ቾፕስቲክ የሚባሉት ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች ከአፍ ወጥተው ወደ ጋራው ሳሕን፣ ከሳሕኑም ተመልሰው ወደ አፍ ይመላለሳሉ። በሐኪም ዐይን ይህ አደጋ ነው። ሌላ ሐኪም ቢሆን «እንግዲህ ሁሉም በየሳሕኑ ይብላ» ብሎ ባዘዘ ነበር። እኒህ ሰው ግን በ1915 ሌላ ነገር አቀረቡ። በጠረጴዛው መካከል የሚዞር ገበታ ይኑር፤ በእያንዳንዱ ወጭት ላይ የራሱ ማንሻ ይቀመጥ፤ ሰው ገበታውን ወደ ራሱ አዙሮ በማንሻው ይውሰድ አሉ። ዛሬ በየቻይና ምግብ ቤቱ የምናየው ተሽከርካሪ ገበታ እንደ ቅንጦት ይታየናል፤ የመከራ ልጅ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሐኪሙ ሕዝባቸው አብሮ መብላቱን እንደማይተው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አብሮ የሚበላበትን መላ ፈለጉለት።

በ2003 ሳርስ ሆንግ ኮንግን መትቶ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰው ሲገድል ያው መላ ተመለሰ፤ በየጠረጴዛው «የጋራ» የሚባል ሁለተኛ ጥንድ ቾፕስቲክ ይቀመጥ ጀመር። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ግን መላው አልበቃም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማይቱ መንግሥት በምግብ ቤት ውስጥ መብላትን ፈጽሞ ከለከለ። ሠራተኛው ምሳውን ይዞ በእግረኛ መንገድ ላይ ሲበላ ስለ ታየ ፍጹሙ ክልከላ በሁለት ቀን ተነሣ፤ በአንድ ጠረጴዛ ግን ከሁለት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ ታዘዘ። ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ! ስምንት ሰው እንዲበላው የተቈረጠውን ማዕድ ለሁለት ማቅረብ ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ ቈጥረነዋል። ሊን ሁንግ በነሐሴ 2022 በሩን ዘጋ፤ ሽማግሎቹም ሊሰናበቱት ተሰለፉ። በ2024 እንደገና ተከፈተ።

ይህን ሳነብ የራሴን መሥሪያ ቤት አሰብሁ። እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ አምስት ሆነን፣ በአንድ ትሪ፣ ከየቤታችን የመጣውን ወጥ ደባልቀን ምሳ እንበላ ነበር። በወሩ በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ ሰኞ ሁላችንም በየምሳ ዕቃችን በላን። በሽታው ሄደ፤ ምሳ ዕቃው ግን ቀረ። ማንም «እንደ ድሮው እንሁን» አላለም፤ ማንም «አንሁን» አላለም። ትሪው ከማስታወሻ ደብተሮች ጋር ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

የዚያን እሑድ ሒሳቡን ልክፈል ብዬ ከጋሼ ጋር ታገልሁ፤ ተሸነፍሁም። «በሞቴ፣ አንተ ለሚቀጥለው» አሉኝ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ትሪውን ከመደርደሪያው አውርጄ አጠብሁት፤ እንጀራዬንም ከመካከሉ ዘረጋሁ። አንድ ሰው ብቻ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ፣ አየት አድርገውኝ ከሽሯቸው አንድ ማንኪያ ጨመሩበት። ሌሎቹ ሦስቱ እስካሁን በየምሳ ዕቃቸው ይበላሉ። ትሪውን ግን ወደ መደርደሪያው አልመለስነውም።