የዕቃ ፈረቃ፦ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ በምን ይኖራል

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠውን ማዘዝ አይችልም። አዲስ ልብስ የሚሸጥ ቡቲክ 38 ቁጥር ጫማ ካለቀበት አስመጪው ጋ ይደውላል። ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ግን ዛሬ ጠዋት የመጣለትን ከረጢት ፈትቶ ያገኘውን ይሰቅላል። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ሹራቡ ከተሸጠ ምትክ የለውም፣ ካልተሸጠ ደግሞ መስቀያውን ይዞ ይከርማል። እንዲህ ያሉ ሱቆችን ቀስ በቀስ የሚገድላቸው ይህ የከረመው ዕቃ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሱቆች ለዚህ ችግር ያበጁት አሠራር «ስቶክ ሮቴሽን» ይባላል።

በአማርኛ «የዕቃ ፈረቃ» ብንለው ያስኬዳል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሩን ለከሰዓቱ እንደሚለቅ ሁሉ፣ እዚህም ለእያንዳንዱ ዕቃ መስቀያ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይቆረጥለታል። ጊዜው ሲሞላ ይወርዳል፣ ተረኛው ይሰቀላል። ፋርማሲና ግምጃ ቤት የሚሠሩ ሰዎች «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚለውን ደንብ ያስታውሱ ይሆናል። እነሱን የሚያስቸኩላቸው መድኃኒቱ የሚበላሽበት ቀን ነው። ካፖርት ግን ቢሰነብት አይበላሽም፤ የሚሰለቸው ደንበኛው ነው።

ወደ እንዲህ ያለ ሱቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛውን አስቦ አይወጣም። ዕድሉን ሊሞክር ነው የሚገባው፤ ስለዚህም ተመላላሽ ነው። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ መጥቶ ያንኑ ቡናማ ካፖርት እዚያው ቦታ ካገኘው፣ በሦስተኛው ሳምንት መንገዱን ይቀይራል። ካፖርቱ ቦታ ከመያዙም በላይ ከጎኑ የተሰቀለው አዲስ ዕቃ ሁሉ እንዳይታይ ያደርጋል። ሰልባጅ የሚነግዱ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን የሰማ ደንበኛ ማልዶ ይደርሳል፤ የወጣለት የወጣለቱ ተመርጦ ያልቃል፤ ከዚያ ክምሩ ዋጋው እየወረደ እስከሚቀጥለው ቦንዳ ይቆያል። የዕቃ ፈረቃ ያንን የቦንዳ መፍቻ ቀን ለሳምንቱ ቀናት ሁሉ ማከፋፈል ነው።

አሠራሩን በግልጽ ለማየት የአሜሪካው ጉድዊል ጥሩ ምሳሌ ነው። ጉድዊልን እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ የመሠረቱት ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ናቸው። ከሀብታም ሰፈር አሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ እየሰበሰቡ፣ ሥራ ያጡ ድሆችን ቀጥረው እያስጠገኑ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ጉድዊል 150 ያህል ራሳቸውን የቻሉ የአካባቢ ድርጅቶች ስብስብ ነው፤ ብዙዎቹም ፈረቃውን የሚይዙት በቀለም ነው። በዚህ ሳምንት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ለምሳሌ ቢጫ ታግ ይደረግበታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ቀለሞቹ ዞረው ተራው ቢጫ ላይ ሲደርስ ቢጫ ታግ ያለው ሁሉ በግማሽ ዋጋ ይሆናል። ያኔም ካልተሸጠ ይወርዳል። ሠራተኛው ማስታወሻ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ በመስቀያዎቹ መካከል ሲያልፍ የትኛው እንደሰነበተ ቀለሙ ይነግረዋል። ደንበኛውም ቢጫው መቼ እንደሚቀንስ ስለሚያውቅ፣ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ብሎ ያስባል። ቢጠብቅ ሌላ ሰው ሊቀድመው ይችላል። ይህ ጭንቀት ራሱ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሸጣል።

የወረደው ዕቃ አይጣልም። ጉድዊል «አውትሌት» በሚላቸው፣ ሕዝቡ ግን «ቢንስ» በሚላቸው ሰፋፊ አዳራሾች ውስጥ፣ ጎማ ባላቸው ትላልቅ ሰማያዊ ገንዳዎች ተዘርግፎ በክብደት ይሸጣል። አሮጌዎቹ ገንዳዎች ተገፍተው ሲወጡ ገዢዎች ጓንታቸውን አጥልቀው ከመስመር ኋላ ይቆማሉ። አዲሶቹ ገንዳዎች ተደርድረው ሠራተኛው እስኪፈቅድ ድረስ ማንም እጁን አይሰድም። ሲፈቀድ ሁሉም አንድ ላይ ይጎነበሳል። እዚያም ያልተነሳው በቦንዳ ታስሮ ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል። ናይሮቢ ጊኮምባ ወይም አክራ ካንታማንቶ ገበያ ላይ የሚፈታው ቦንዳ ከእንዲህ ያለ ሰንሰለት የወጣ ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ፈረቃ ከተያዘ በኋላ የዕቃ አደራደር ጥያቄ ይቀላል፤ ሁሉን ነገር ባንዴ የማሳየት ፍላጎት ይቀራልና። ልብስ በቀለም ተለይቶ ሲሰቀል ሱቁ ከሩቅ ያምራል፤ በሳይዝ ሲሰቀል ለገዢው ይቀላል። እኔ የምመርጠው በመጀመሪያ በዓይነትና በሳይዝ ከፍሎ፣ በየሳይዙ ውስጥ በቀለም መደርደርን ነው። መስቀያዎቹም በጣት ገፋ ለማድረግ የሚበቃ ክፍተት ይኑራቸው። ጠባብ መስቀያ ላይ የታመቀ ልብስ ማንም ስቦ አያይም፤ ስለዚህ ሰነበተ ተብሎ ሲወርድ ጥፋቱ የልብሱ ሳይሆን የመስቀያው ይሆናል። የፊት መስታወቱ ደግሞ ከሁሉም ፈጥኖ መቀየር አለበት። መስታወት ውስጥ ያለውን ልብስ ደንበኛ ሲጠይቅ «ለማሳያ ነው፣ አይሸጥም» የሚል ሱቅ አለ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ያ ልብስ ሌላ የለውም፣ ገዢውም ነገ አይመለስም። አውልቆ መሸጥና አሻንጉሊቱን ሌላ ማልበስ ነው።

ማስተዋወቅን በተመለከተ እንግሊዞች አንድ ብልህ ነገር አላቸው። የበጎ አድራጎት ሱቅ ዕቃ የሚለግሰው ሰው ግብር ከፋይ ከሆነና «ጊፍት ኤይድ» በሚባለው ደንብ ከፈረመ፣ ዕቃው በተሸጠበት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ለዚህ ሲባል የለጋሹ መለያ ዕቃው ላይ ይለጠፋል፤ ዕቃው ስንት እንዳስገኘም ለለጋሹ ይገለጽለታል። ሕጉ ለግብር የወጣ ቢሆንም፣ ያ መልእክት የደረሰው ሰው ሌላ ከረጢት ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል። ፈረቃ የሚቆመው ዕቃ መምጣት ሲያቆም ስለሆነ፣ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሰጪም ማስተዋወቂያ ሊያደርስ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ኃይሉ ነው። ኦክስፋም የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ብሮድ ስትሪት ላይ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ የአገሩ የበጎ አድራጎት ሱቆች በአብዛኛው የሚሠሩት በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ደመወዝተኛው ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ለፈረቃው ስንት ሰው እንደሚበቃ ማስላት ይቻላል። 300 ልብስ የሚይዝ ሱቅ የ4 ሳምንት ፈረቃ ቢያወጣ፣ በየሳምንቱ በትንሹ 75 ቦታ መሙላት አለበት። አንድ ልብስ ከከረጢት ወጥቶ፣ ተፈትሾ፣ በእንፋሎት ተተኩሶ፣ ታግ ተደርጎበት እስኪሰቀል 5 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 75ቱ ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳሉ። ከሚመጣው ግማሹ የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ 150 ልብስ መፈተሽ ግድ ነው። ይህን ሁሉ ሥራ፣ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይሠራዋል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ለጓዳው ሥራ ራሱን የቻለ ሰው ይመደብ።

ሌላው ችግር ዕቃ ማውረድ ለሰው መክበዱ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባስተላለፈው ፕሮግራም የችርቻሮ አማካሪዋ ሜሪ ፖርታስ አንድ የሴቭ ዘ ችልድረን ሱቅን ለመለወጥ ስትነሣ፣ በአሮጌው አሠራር የኖሩት በጎ ፈቃደኞች ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። እኔ አልፈርድባቸውም። የሚወርደውን ሹራብ በእጃቸው የተኮሱት፣ ዋጋ የቆረጡለት እነሱ ናቸው፤ «አንድ ሳምንት ይጨመርለት» ማለት ከደግነት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዋጋ የቆረጠው ሰውና የሚያወርደው ሰው ይለያዩ፤ የሚያወርደው ታጉን ብቻ ይይ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ልብስ በቴሌግራም የሚሸጡ ወጣቶችም ይህን አሠራር ሊወስዱት ይችላሉ። አንድን ቀሚስ ለወራት እየደጋገሙ ከመለጠፍ፣ የተለጠፈበትን ሳምንት መዝግቦ፣ በአራተኛው ሳምንት ዋጋውን ቀንሶ፣ በአምስተኛው ከቻናሉ ማጥፋት ይሻላል። የወረደው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከመጀመሪያው መወሰን አለበት። የእኛ ሻጭ እንደ ጉድዊል የራሱ አውትሌት የለውም፤ ያለው ምርጫ ለዘመድ መስጠት፣ ለልዋጭ መለወጥ፣ ወይም ለልብስ ሰፊ በቁራጭ ዋጋ መሸጥ ነው። ይህ መውጫ ካልተዘጋጀ የወረደው ዕቃ ጓዳ ውስጥ ይከመርና፣ ዕቃ በጠፋበት ሳምንት ተመልሶ ይሰቀላል።